እምቢ የማለት መብት ስንት ያወጣል?

ውድ አንባቢ፣ መቼም ቀብድ ሰጥተው የማያውቁ አይመስለኝም። ቤት ለመከራየት፣ በሬ ለመግዛት፣ ለሠርግ ድንኳን ለማስያዝ ጥቂት ብር ቆጥረው «እስከ ቅዳሜ ለሌላ ሰው እንዳትሰጥብኝ» ብለው ያውቃሉ። እንግዲያው ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ለእርስዎ እንግዳ አይደለም ማለት ነው። ኒው ዮርክና ቺካጎ ላይ ክራቫት ያሠሩ ሰዎች «ኦፕሽን» እያሉ በየቀኑ የሚሻሻጡት ነገር፣ ካባውን ቢያወልቁት ያው ቀብድ ነው። ስሙ ነው የከበደው እንጂ ነገሩስ ከጭሮ የከብት ገበያ አይርቅም።

ማስረጃ ከተፈለገ ሕጋችን አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 እንደሚለው፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለው ካልፈጸመ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ልብ ይበሉ! ቀብድ ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥ የሚከስረው አስቀድሞ የሚያውቀውን ያችኑ ገንዘብ ነው። ከዚያ በላይ ማንም ኪሱ አይገባም። ትንሽ ከፍሎ «እምቢ፣ ቀርቶብኛል» የማለት መብት ገዝቷል ማለት ነው።

ለመድን ድርጅት የምንከፍለውን ገንዘብ ደግሞ አረቦን እንለዋለን። ቃሉ በግእዝ መያዣ ማለት ነው፤ ዐረቦች ቀብዱን ራሱን «ዓርቡን» ይሉታል። ቀብድና መድን በቋንቋችን ውስጥ ሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ኦፕሽን የሚባለው የሁለቱ ልጅ ነው፦ እንደ ቀብድ የተቆረጠ ገንዘብ ይከፍላሉ፣ እንደ መድን ክፉ ቀን ሲመጣ ይደርስልዎታል።

በአጭሩ ኦፕሽን ማለት እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ፣ በተቆረጠ ዋጋ፣ አንድን ዕቃ የመግዛት ወይም የመሸጥ መብት ነው። የመግዛቱን መብት «ኮል»፣ የመሸጡን መብት «ፑት» ይሉታል። ግዴታ የለበትም። ዋጋው ከተመቸዎት ይጠቀሙበታል፣ ካልተመቸዎት ይጥሉታል። መብት ያለ ግዴታ ነው።

ግዴታ ያለ መብት

የኢትዮጵያ ገበሬ ግን የሚያውቀው የዚህን ግልባጭ ነው፤ ግዴታ ያለ መብት!

በደርግ ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ በአጭር ስሙ እሰገድ የሚባለው፣ ዋጋውን ራሱ ቆርጦ ኮታ ይጥል ነበር። ምርት ያነሰው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ የሸጠበት ዘመን ነው። ኮታው እስከ መጋቢት 1982 ዓ.ም. ድረስ ዘለቀ። ያኔ ገበሬው እምቢ ቢል ምን ይገጥመው እንደነበር ዕድሜ ያለው ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ ኢሕአዴግ መጣ። ገበያው ነጻ ወጣ ተባለ። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ቡና በግድ በዚያ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። እውነት ለመናገር ምርት ገበያው የሠራው በጎ ነገር አለ። ዋጋ በሰሌዳ ላይ እንዲታይ አድርጓል፤ ሻጭ ገንዘቡን ቶሎ እንዲያገኝ አድርጓል። ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን የተሠራው ለዛሬ ሽያጭ ብቻ ነው፤ ዛሬ ተሽጦ ወዲያው ገንዘቡ የሚተላለፍበት። ሲቋቋም ውሎ አድሮ ለወደፊት ርክክብ የሚዋዋሉበት ገበያ ይከተላል የሚል ተስፋ ነበር። ተስፋው እንደ ቡናው አበባ ዝናብ አጥቶ ረገፈ። የዋጋ ጭንቀቱ ግን እዚያው ገበሬው ትከሻ ላይ ቀረ።

በመጋቢት 2001 ዓ.ም. የሆነውንም አንርሳ። የዓለም ኢኮኖሚ ተናግቶ የቡና ዋጋ በወረደበት በዚያ ወቅት መንግሥት «ቡና ደብቃችኋል» ብሎ የስድስት ላኪዎችን ፈቃድ አገደ፤ መጋዘናቸውንም አሸገ። ላኪዎቹ ጻድቃን ናቸው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ይህ ሁሉ መሣሪያ በሌለበት አገር፣ ነጋዴም ሆነ ገበሬ ከዋጋ ውድቀት የሚሸሸግበት አንድ ዋሻ ቢኖር መጠበቅ ነው። «ዛሬ አልሸጥም፣ የዛሬ ወር አያለሁ» ማለት የድኃ ሰው ኦፕሽን ነው። እሱም ወንጀል ሆነ! ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ሕጉ ላላ ብሎ ቡና ከምርት ገበያው ውጪም የሚሸጥበት መንገድ ተከፍቷል። መንገድ ተከፈተ እንጂ ጥላ አልተዘረጋም።

ቡናው ለምን ተነቀለ?

አሁን ወደ ሐረርጌ እንውጣ። ከሚኤሶ ቆላ ተነሥተው ወደ ጨርጨር ተራራ ሲወጡ ጭሮን ያገኛሉ፤ ብዙ ሰው አሁንም አሰበ ተፈሪ የሚላትን። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሳሉ ለሌላው አገር አርአያ ትሁን ብለው ያቋቋሟት ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ሂርና ቢሉ፣ ወደ በዴሳ፣ ገለምሶና መቻራ ቢወርዱ፣ ዓለም ሐረር ቡና ብሎ የሚጠራው ቡና አገር ውስጥ ነዎት። ዳሮ ለቡ፣ ሀብሮ፣ ቦኬ የቡና ስም ያላቸው ወረዳዎች ናቸው። ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ ግራ ቀኙን ቢያዩ ዓይንዎ የሚሞላው ግን ጫት ነው።

ባለሥልጣናቱ በየስብሰባው «ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ» እያሉ ሲያዝኑ እንሰማለን። እንደ ሥነ ምግባር ጉድለት አድርገው ነው የሚያወሩት። ለመሆኑ ለምን እንደነቀለው የጠየቀው አለ?

ገለምሶ ገበያ ላይ አንድ ሽማግሌ አነጋግሬ ነበር።

«አባባ፣ ቡናውን ለምን ነቀሉት?» አልኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ቡና በዓመት አንድ ቀን ነው የሚጠይቀኝ። ያን ቀን ዋጋ ከሌለ ዓመቱን ሙሉ ዋጋ የለም። ጫት ግን ዛሬ ካልሆነ ነገ፣ ነገ ካልሆነ የዛሬ ሳምንት እቆርጠዋለሁ። እኔ ነኝ የምጠይቀው።»

እኔ እንግዲህ ስለ ኦፕሽን ከዚህ የተሻለ ትርጉም በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። ጫት ዛፉ ላይ እስካለ ድረስ ለባለቤቱ የመሸጥ መብት ነው፤ ግዴታ አይደለም። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይቆረጣል፤ ዋጋ ሲወርድ ይታለፋል፤ ዝናብ ሲጠፋም ከቡናው ይልቅ ይችላል። ሰውየው ቡናውን የነቀሉት ሰነፍ ሆነው አይደለም። መንግሥትም ምርት ገበያም ባንክም ያልሰጧቸውን መብት ከመሬታቸው ላይ አበቀሉት እንጂ!

የቡናውን ዋጋ ደግሞ እንይ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ልንገራችሁ። በሐምሌ 1967 የብራዚልን ቡና ውርጭ መታው፤ በ1969 የኒው ዮርክ ዋጋ በአንድ ፓውንድ ከ3 ዶላር በላይ ወጣ። በ1981 መጨረሻ ላይ ቡና አምራችና ቡና ጠጪ አገሮች በኮታ ዋጋ የሚደግፉበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ፈረሰ። በ1994 መጀመሪያ ያው ፓውንድ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ። በ2011 እንደገና ከ1 ዶላር በታች ሆነ። በየካቲት 2017 ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ! የትኛው የአክሲዮን ገበያ ነው ከዚህ የበለጠ የሚያንገላታው? ሰዎች ስለ ኒው ዮርክ አክሲዮን መናወጥ ሲያወሩ ይገርመኛል። የዳሮ ለቡ ገበሬ እኮ ከአባቱ ጀምሮ በዚያ መናወጥ ላይ ተሳፍሮ ነው የኖረው፤ ያውም መቀመጫ ቀበቶ ሳይኖረው።

በዚህ ላይ የብሩ ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ከ70 በላይ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ 100ን ተሻገረ። ቡና ላኪ በዚህ ቢጠቀምም ማዳበሪያ ገዢው ያው ገበሬ ነው። አንዱ ንፋስ ከኒው ዮርክ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ ይነፍስበታል።

«ታዲያ ጫት ካዳነው ምን ትፈልጋለህ?» የሚል አይጠፋም። ጫትም መዳኛ ሆኖ አይቀርም። ዛፉ ላይ እያለ ጌታ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ግን ባሪያ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ አፍ ካልገባ ዋጋ የለውም። ገዢው ደግሞ ድንበር ማዶ ነው። ሆላንድ ዘጋች፤ በሰኔ 2006 ዓ.ም. እንግሊዝ ዘጋች። ሶማሊያ ከኬንያ የሚመጣውን ጫት በ2012 ዓ.ም. አግዳ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ሳታስገባ ስትቆይ የሜሩ ገበሬ ምን እንደደረሰበት ጎረቤቶቻችን ይናገሩ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት እንዲሉ፣ ሐረርጌ ጫትን ብቻ ይዞ መተኛት አይችልም።

የ15 ሳንቲሙ መብት

እንግዲህ ኦፕሽኑ ቢኖር ምን ይመስል ነበር? በምሳሌ እንየው። ቁጥሩ ለማስረዳት የቀረበ ነው።

ኒው ዮርክ ላይ አንድ የቡና ውል 37,500 ፓውንድ ነው፤ ወደ እኛ ኩንታል ሲመለስ 170 ኩንታል ገደማ። ይህ ለአንድ ገበሬ የማይታሰብ ነው፤ ለአንድ የገበሬዎች ማኅበር ግን የማይታሰብ አይደለም። ዋጋው ዛሬ 3 ዶላር ነው እንበል። አዝመራው ሊደርስ አምስት ወር ቀርቶታል። ዩኒየኑ በ2 ዶላር ከ80 የመሸጥ መብት ይገዛል፤ ለዚህም በፓውንድ 15 ሳንቲም አረቦን ይከፍላል። በጠቅላላው 5,625 ዶላር መሆኑ ነው።

ዋጋው ወደ 2 ዶላር ቢወድቅ ምን ይሆናል? መብቱ በፓውንድ 80 ሳንቲም ያስገኛል፤ 30,000 ዶላር። አረቦኑ ሲቀነስ የተጣራው 24,375 ዶላር ይሆናል። የገበሬው ዋጋ 2 ዶላር ሳይሆን 2 ዶላር ከ65 ሳንቲም ነው ማለት ነው። ዋጋው ወደ 4 ዶላር ቢወጣስ? መብቱን ይጥሉታል። 15 ሳንቲሟ ትቀራለች፤ ቡናው ግን በ4 ዶላር ይሸጣል። የተጣራው 3 ዶላር ከ85 ነው። ወለሉ ታውቋል፤ ጣራው ክፍት ነው።

«ለምን በአሁኑ ዋጋ ለወደፊት ቀን ቆርጦ አይሸጥም? አረቦን ለምን ይከፍላል?» የሚል ጠያቂ አለ። ይህ ፈረንጆቹ ፊውቸርስ የሚሉት ውል ነው። አረቦን የለበትም፤ ግን ግዴታ አለበት። ዋጋ ሲወጣ በየቀኑ ልዩነቱን በጥሬ ገንዘብ ማስያዝ ግድ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የቡና ዋጋ ሽቅብ ሲጎን በብራዚል ትልልቅ ቡና ላኪዎች እንኳ ይህን መሸፈን አቅቷቸው ከአበዳሪ እንዲከለልላቸው ፍርድ ቤት ደጅ ጠንተዋል። ብራዚል ያቃታትን የውጭ ምንዛሪ ለባንክ ጸሎት የምታደርስ ኢትዮጵያ ትችለዋለች? አትችልም። ለድኃ የሚስማማው የሚከስረውን አስቀድሞ የሚያውቅበት ውል ነው።

ይህ ሕልም አይደለም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለድኃ አገሮች ገበሬዎች የዋጋ መድን የሚያፈላልግ ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል አቋቁሞ ነበር። ጎረቤታችን ታንዛኒያ ውስጥ የኪሊማንጃሮ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በዚያ ዘመን ከኒው ዮርክ ዋጋ ጋር የተያያዘ የመሸጥ መብት ገዝቷል። መንግሥትም ቢሆን ያደርገዋል፤ ሜክሲኮ ለነዳጇ በየዓመቱ ፑት እየገዛች ኖራ በ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የዋጋ ውድቀት ሳቢያ በዓመቱ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተቀብላለች። የኛም አገር ቢሆን የነገሩ ሽታ አለው። በ2004 ዓ.ም. ቦረና ላይ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ከሳተላይት በሚታይ የግጦሽ ልምላሜ ላይ የተመሠረተ የከብት መድን ጀምሯል። አረቦን ተከፍሎ፣ ልምላሜው ከተቆረጠው ልክ ሲወርድ ካሣ የሚከፈልበት ነው። ለሣር የተቻለ ለቡና ዋጋ ለምን አይቻልም?

እባብ ያለበት ጉድጓድ

አሁን ደግሞ ሌላውን ገጽ ላሳይ። ስለ መብት ያወራሁት ስለ ገዢው ነው። መብቱን የሸጠውስ? እሱ አረቦኑን ይቀበላል፤ በለስ ከቀናው ይበላታል። ክፉ ቀን ከመጣ ግን የሚከፍለው ልክ የለውም።

በየካቲት 1987 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቤሪንግስ ባንክ ከ233 ዓመት ዕድሜ በኋላ የወደቀው እንዲህ ነው። ሲንጋፖር ላይ የተቀመጠው ኒክ ሊሰን የሚባል ወጣት ሠራተኛ በጃፓን አክሲዮን ላይ ፊውቸርስ ገዛ፤ ኦፕሽን ሸጠ፤ ኪሣራውን ደበቀ። የኮቤ ርዕደ መሬት ገበያውን ሲያናውጥ የ827 ሚሊዮን ፓውንድ ጉድ ወጣ። ሊቅነትም አያድንም። የኦፕሽንን ዋጋ በሒሳብ ቀመር አስልተው በ1990 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የወሰዱት ማይረን ሾልስና ሮበርት መርተን ሽርክና የነበሩበት የገንዘብ ድርጅት ከሽልማቱ ዓመት ሳይሞላው ተንኮታኩቶ፣ በ1991 መስከረም ላይ 14 ባንኮች 3.6 ቢሊዮን ዶላር አዋጥተው ነው የታደጉት።

ሌላም ማወቅ ያለብን ነገር አለ። የመብቱ ዋጋ ቋሚ አይደለም። ገበያው ጸጥ ሲል አረቦኑ ይረክሳል፤ ሲናወጥ ይወደዳል። ቤቱ እየነደደ መድን ልግዛ የሚል ሰው ዋጋውን ሲሰማ ይደነግጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው፤ መብት የሚገዛው ሁሉ ሰላም በሚመስልበት ወቅት ነው። ደግሞም ኒው ዮርክ ላይ የሚዋዋሉበት የታጠበ አረቢካ ነው፤ የሐረር ቡና ደረቅ ነው፣ በጣዕሙም ራሱን የቻለ። የሁለቱ ዋጋ ሁልጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዞ አይሄድም። ስለዚህ መብቱ ሙሉ ጣራ አይሆንም፤ ከዝናቡ አብዛኛውን የሚከላከል ጃንጥላ ነው። ይህን ሳይነግሩ ገበሬውን «ዳንክ» ማለት ሌላ ውሸት ነው።

«ይሄ ቁማር አይደለም እንዴ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው ግን በመዳፍዎ ውስጥ ነው። ቡና ያለው ሰው የመሸጥ መብት ሲገዛ የተሸከመውን ጭንቀት እያወረደ ነው። ቡናም አክሲዮንም የሌለው ሰው ያንኑ ሲገዛ ያልነበረበትን ጭንቀት እየገዛ ነው። ወረቀቱ አንድ ነው፤ ሰውየው ይለያል። ሙስሊም ወገኖቼ ደግሞ በቀብድ ላይ የፊቅህ መዝሀቦች እንደሚለያዩ፣ በዛሬው የኦፕሽን ገበያ ላይም ብዙ ዑለሞች እንደማይስማሙ ያውቃሉ። ለእነሱ የቆየ መንገድ አለ፤ ሙሉ ዋጋው ዛሬ ተከፍሎ ምርቱ በተቆረጠ ቀን የሚረከብበት የሰለም ሽያጭ። የገጠሩ ችግር ይህ አለመኖሩ ሳይሆን የሚከፈለው ዋጋ ነው። ቡናውን ገና በአበባው፣ ጫቱንም በቁሙ የሚሸጥ ገበሬ በሐረርጌ ብርቅ አይደለም። ራብ ያስቸኮለው ሰው ግን ውል አይዋዋልም፤ ይማረካል።

የከተማው ሰውስ?

ይህን ጋዜጣ ገዝቶ የሚያነበው የከተማ ሰው «ቡና የለኝ፣ ጫት የለኝ፣ እኔን ምን አገባኝ?» እንዳይል። ከጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቷል፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። ከዚያ በፊት የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በ300 ብር፣ ትንሹ 33 አክሲዮን፣ በስልክ ጭምር ሲሸጥ ነበር። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ውስጥ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። መንግሥት በዚህ ተከፍቶ ይሆናል። እኔ ግን ሕዝቡ ያልገባውን ነገር ለመግዛት አለመንጋጋቱን እንደ ብልህነት ነው የቆጠርኩት።

ነገሩን በአክሲዮን እንየው። 33 አክሲዮን ያለው ሰው 9,900 ብር አውጥቷል። በአክሲዮን 10 ብር ከፍሎ በ280 የመሸጥ መብት መግዛት ቢችል ኖሮ፣ ዋጋው 200 ቢወርድ እንኳ ኪሣራው በአክሲዮን ከ30 ብር አያልፍም። መብቱ የሌለው ጎረቤቱ 100 ይከስራል። አዲሱ ገበያ ግን የተከፈተው በአክሲዮንና በመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ እንጂ በእንዲህ ዓይነት መብት አይደለም። ማስታወቂያው ስለ ትርፍ ድርሻ ይነግረናል፤ ስለ ውድቀት የሚነግረን የለም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

ታዲያ ፑት በሌለበት ገበያ ምን ይደረግ? ልክን ማወቅ ነዋ! ቢጠፋ ቤት የማያፈርስ ገንዘብ ብቻ ማዋል፤ በብድር አክሲዮን አለመግዛት፤ ሁሉንም በአንድ ባንክ ላይ አለማፍሰስ፤ ለመሸጥ በተፈለገ ቀን ገዢ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ። በውጭ አገር ገበያ በስልክ ኦፕሽን ነግደህ በሳምንት ትከብራለህ የሚለውን ወሬ ደግሞ ከሩቁ መሸሽ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ወቀሳ ብቻ ጽፎ መሄድ ቀላል ነው። እኔ የምለው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ቀብዱ ይከበር። ሕጉ 1952 ዓ.ም. ላይ አለ፤ ወረዳ ፍርድ ቤት ድረስ ግን ስንቱ ገበሬ ይዞት ይሄዳል? ዝቅተኛ ዋጋ የተቆረጠበት የጽሑፍ ውል በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ተዘጋጅቶ በየቀበሌው ይቅረብ። ገዢው ቢያፈገፍግ ቀብዱ ለገበሬው ይቅር፤ ገበሬው ቢያፈገፍግ እጥፉን ይመልስ። ይህ ብቻ እንኳ ከብዙ ዕቅድ ይበልጣል።

ሁለተኛ፣ የገበሬዎች ዩኒየኖች የመሸጥ መብት ይግዙ። የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. ተቋቁሞ ቡና ወደ ውጭ ሲልክ ኖሯል፤ ዓለምን ያውቃል። ብሔራዊ ባንክ ከላኪው የሚመጣውን ዶላር መቀበል ያውቅ እንደነበረ ሁሉ፣ ከዚያው ዶላር ለአረቦን የሚሆነውን ጥቂቷን መልቀቅ ይወቅ። ከላይ ባየነው ምሳሌ ከ112,500 ዶላር ቡና 5,625 ዶላር ብቻ ነው፤ ከመቶ 5። ለዘመናዊ መኪና ዶላር የማያጣ ባንክ ለገበሬው ወለል ሊያጣ አይገባም።

ሦስተኛ፣ መግዛት ብቻ! ዩኒየንም ሆነ መንግሥት መብት እንዳይሸጥ በሕግ ይከልከል። የቤሪንግስን ጉድጓድ እዚህ መቆፈር የለብንም። የተገዛው መብት፣ የተከፈለው አረቦንና የተገኘው ካሣ በየዓመቱ ለአባላቱ በጉባዔ ይነበብ። አለበለዚያ ዋጋ ሲወጣ «15 ሳንቲማችን የት ገባ?» የሚለው ገበሬ ትክክል ይሆናል። ከመጀመሪያው ቢነገረው ግን ዘንድሮ ቤቱ አልተቃጠለም ብሎ የመድን ገንዘቡ እንዲመለስለት የሚጠይቅ የለም።

አራተኛ፣ መጠበቅ ወንጀል መሆኑ ይቅር። ገበሬው ቡናውን በታመነ መጋዘን አስቀምጦ፣ በደረሰኙ ብድር ወስዶ፣ ዋጋ እስኪሻል የሚታገሥበት ሥርዓት በሕግ ከተፈቀደ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። እስከ ዳሮ ለቡና ቦኬ ይውረድ።

አንዳቸውም ቢሆኑ አዲስ ፍልስፍና አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ገበሬው እምቢ ሊል የሚችል ሰው መሆኑን መቀበል። ችግሩም እዚህ ጋ ነው። ኮታ የጣለውም፣ መጋዘን ያሸገውም፣ ዛሬም «ጫቱን ንቀል፣ ቡናውን ትከል» እያለ ስብሰባ የሚጠራውም ባለሥልጣን የሚያመሳስላቸው ገበሬው ለምን እንደመረጠ አለመጠየቃቸው ነው። ቡና ወደ ጨርጨር ተራራ እንዲመለስ ከተፈለገ ስብከት አያስፈልግም። ወለል ያለው ዋጋ ይቅረብለትና ገበሬው ራሱ ችግኙን ፈልጎ ይመጣል።

እምቢ የማለት መብት ስንት ያወጣል? በፓውንድ 15 ሳንቲም ገደማ። ያንን መከልከል ስንት እንዳስከፈለን ደግሞ ከጭሮ እስከ መቻራ የተነቀለውን የቡና ጉቶ የቆጠረ ይንገረን።

ልብ ያለው ልብ ይበል!